እናቴን በፍልሰታ ኤደን ሴንተር ልውሰዳት? ምን ትበላለች?

የሚጡ እናት

ሰላም የሰፈር ሰዎች። ጥያቄዬ ትንሽ ያስቅ ይሆናል፤ ግን እርዱኝ።

እናቴ ልታርሰኝ ከአዲስ አበባ ከመጣች ሦስት ወር ሆናት። በዚህ ሁሉ ጊዜ ያየችው አሜሪካ የእኔ ሳሎን፣ ቤተ ክርስቲያንና ኮስኮ ነው። አሁን ሚጡ 80 ቀኗን ሞልታ ክርስትና ተነሥታለች፤ እኔም ከቤት መውጣት ጀምሬያለሁ። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ እዚህ ቨርጂኒያ በሰቨን ኮርነርስ በኩል አለፍን። ኤደን ሴንተር በሚሉት የቬትናሞች ገበያ ግቢ ውስጥ የቬትናም ሽማግሌዎች ደጅ ወንበር አውጥተው ቡና እየጠጡ ዳማ የመሰለ ነገር ይጫወታሉ። እናቴ መስኮቱን አውርዳ አየቻቸው። “እዚህ አገርም ሰው ደጁ ላይ ይቀመጣል እንዴ?” አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ወሬዋ ሁሉ ስለ እነሱ ነው።

ቅዳሜ ልወስዳት አስቤያለሁ። ችግሩ ፍልሰታ መሆኑ ነው። እኔ ስለማጠባ አልጾምም፤ እሷ ግን ጾሟን በዋዛ የምታይ ሰው አይደለችም። ዓሣም በጾም አትበላም። ደግሞ የእስያ ምግብ ሲባል ለእሷ ሁሉም “የቻይና” ነው። “ምን እንዳበሉሽ በምን ታውቂያለሽ?” ትላለች። እኔም እዚህ አገር ገና ሁለት ዓመቴ ስለሆነ መልስ የለኝም። ከዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ ጋር አንድ ጊዜ ፎ የሚሉትን የቬትናም የፓስታ ሾርባ በልቻለሁ፣ አለቀ።

ምን ብዬ ልዘዝላት? የሕፃን ጋሪ ይዞ መግባትስ ይቻላል?


ባለ ታክሲው

እንኳን ማርያም ማረችሽ። ሚጡንም ታሳድግልሽ።

እኔ እዚያ ግቢ ከ20 ዓመት በላይ በልቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ2001 ታክሲ ስጀምር ከሬገን ኤርፖርት ሌሊቱን ስንመላለስ አድረን ጠዋት ባን ሚ እንገዛ ነበር። ባን ሚ ማለት የፈረንሳይ ዳቦ ተሰንጥቆ ሥጋ፣ በኮምጣጤ የዋለ ካሮት፣ የድንብላል ቅጠልና ቃሪያ የሚጠቀጠቅበት ሳንዱች ነው። ያኔ አምስት የገዛ ስድስተኛውን በነጻ ይወስድ ነበር። እኛ አምስት ሾፌር ነበርን። በስድስተኛዋ ምክንያት ስንት ጊዜ እንደተኳረፍን አትጠይቂኝ።

ለእናትሽ መጀመሪያ ግቢውን አሳዪያት፤ ምግቡ ይደርሳል። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ሳይጎን በ1975 ስትወድቅ የመጡት ሰዎች በፊት ሱቃቸው አርሊንግተን ውስጥ ክላረንደን የሚባል ሰፈር ነበር። ያኔ ክላረንደን ለሜትሮ ተቆፋፍሮ ስለነበር ማንም አይፈልገውም፤ ኪራዩ ርካሽ ነው። በ1979 ባቡሩ ሥራ ሲጀምር ኪራዩ ሰማይ ነካ። እነሱም ጠቅልለው ወደዚህ መጡ። (ዲሲ አዳምስ ሞርጋን ሰፈር ምግብ ቤት የነበረው ሐበሻ ሁሉ ይሄን ታሪክ ሳይነገረው ያውቀዋል።) በሩ ላይ የሚውለበለበው ብጫ ባንዲራ፣ ሦስት ቀይ መስመር ያለው፣ የድሮዋ የደቡብ ቬትናም ነው። የሰዓት ማማው ደግሞ ሳይጎን ያለውን የቤን ታን ገበያ መስሎ የተሠራ ነው። “የእነሱ መርካቶ ምልክት ነው” በያትና ሥሩ አቁመሽ ፎቶ አንሺያት።

ወደ ምግቡ። አንድ ቃል ብቻ ያዢ፦ ቻይ። በእኛ ቋንቋ ቻይ ማለት የሚችል፣ የሚታገሥ ሰው ነው፤ በእነሱ ደግሞ ሥጋ የሌለበት ምግብ። ለጾመኛ ከዚህ በላይ የሚስማማ ቃል ከየት ይመጣል? ብዙዎቹ ቡድሂስቶች በጨረቃ አቆጣጠር ወር በገባ በ1ኛውና በ15ኛው ቀን ሥጋ አይበሉም። የእነሱ ረቡዕና ዓርብ ነው በያት። ስለዚህ ጾም ላይ ነኝ ብትያቸው እንግዳ አይሆንባቸውም።

“ኖ ሚት” እንዳትዪ ግን። እኔ ላይ ደርሷል። አንድ ሁዳዴ እንዲሁ ብዬ ፎ አዘዝኩ። መጣ። ሥጋ የለበትም። የሩዝ ፓስታው፣ ሽንኩርቱ፣ ቅጠሉ ሁሉ በቦታው። እኔም ደስ ብሎኝ ግማሹን ጠጣሁ። ከዚያ የላይኛው ከንፈሬ ከታችኛው ጋር ተጣበቀብኝ። ያን ስሜት የማያውቅ ሐበሻ የለም፤ የቅልጥም መረቅ ነው። ሲፈላ ያደረ የከብት አጥንት! ሴትዮዋ ምን አጠፋች? ሥጋ አታድርጊ አልኳት፣ አላደረገችም። “ፎ ቻይ” ካልሽ ግን መረቁ ራሱ በአትክልትና በእንጉዳይ የተሠራ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ የዓሣ ሶስ ነው፤ ኑክ ማም ይሉታል። ትንንሽ ዓሣ በጨው ታሽቶ ወራት ተቀምጦ የሚወርደው ፈሳሽ ነው። ለእነሱ እንደ እኛ በርበሬ ነው፤ የሌለበት የለም። ቻይ በተባለ ምግብ ላይ በአኩሪ አተር ሶስ ይተኩታል። ሆኖም ከጎን የሚመጣውን ማጥቀሻ ለይተሽ ጠይቂ። አስተናጋጇ ወጣት ከሆነች “ቪጋን” (ከእንስሳ የሚመጣ ምንም የሌለበት) የሚለውም ይገባታል።

ለመጀመሪያ ቀን ፎ አልመክርም። እናትሽ በሁለት ቀጭን እንጨት ፓስታ ስታሳድድ ከምትውል “ባን ሴዎ ቻይ” እዘዢላት። ከሩዝ ዱቄትና ከኮኮናት ወተት የሚጋገር ሰፊ ስስ ቂጣ ነው። ብጫነቱ የእርድ ነው፤ እንቁላል መስሏት እንዳትደነግጥ ቀድመሽ ንገሪያት። ሴዎ የሚሉት ሊጡ ትኩስ ምጣድ ላይ ሲያርፍ የሚያሰማውን ድምፅ ነው፤ ጭስስስ የሚለውን። ተቆርሶ፣ በሰላጣ ቅጠል ከነ ናና ከነ በሶብላ ተጠቅልሎ፣ ተጠቅሶ በእጅ ይበላል። እናትሽ ማንም ሳያስተምራት ትበላዋለች።

ፍልሰታ ሲፈታ ደግሞ ባልሽ ይምጣና እውነተኛውን ፎ ይብላ። ጥሬ ወዳድ ከሆነ በስሱ የተቆረጠውን ጥሬ ሥጋ ለብቻው በሰሃን አምጡልኝ ይበላቸው፤ ያመጡለታል። እሱ በፈለገው ልክ መረቁ ውስጥ ይነክራል። ሽንፍላም አለ። እነሱ ሽንፍላን ምን ብለው እንደሚጠሩት ታውቂያለሽ? “መጽሐፍ”። ቅጠል በቅጠል ስለሆነ። እኛ ታጥቦ አይጠራም ብለን የተረትንበትን ነገር እነሱ እንደ ወረቀት አንጽተው ያቀርቡታል።

ቡናቸው ጥቁሩ ከሆነ ለጾምም ይሆናል። ነጩ ግን ወፍራም የቆርቆሮ ወተት አለበት፤ ያም ቢሆን አንቺ ሞክሪው።

ጋሪ ይገባል። መኪናሽ ግን አይገባም። የዚያን ግቢ ፓርኪንግ እኔ በታክሲ ሾፌርነት ዕድሜዬ አልቻልኩትም። ቅዳሜ በሐበሻ ከአራት ሰዓት በፊት ድረሺ።


ሽሮ ፈሰስ

ኧረ ወገን! ኮሎምቢያ ፓይክ ላይ ሙሉ በያይነቱ ሞልቶ ተርፎ እናትን በጾም ቬትናም ቤት መጎተት ምን የሚሉት ነው? ስካይላይን ሂጂ፣ ሽሮሽን ብይ፣ ተመለሺ።


የሚጡ እናት

ወንድሜ፣ እናቴ ሦስት ወር ሙሉ በያይነቱ የሠራች ሰው ናት። ሰው ሠርቶላት ብትበላ ስንት ብር ነው ብላ ትጠይቅና “በዚህ ሽሮ አንድ ወር እመግባችሁ ነበር” ብላ ታሳፍረኛለች። የማታውቀውን ምግብ ግን ዋጋ መተመን አትችልም።

ጋሼ ባለ ታክሲው፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቃሉን ስልኬ ላይ ጽፌዋለሁ።


እትዬ ጓዳ

ባለ ታክሲው ብዙውን ብሎታል፤ ጥቂት ልጨምር። ለሠርግና ለተዝካር ምግብ አዘጋጃለሁ፤ ግማሹን አስቤዛዬን የምገዛው ከእስያ ገበያ ነው።

መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ። ቬጅቴሪያን ማለት የጾም ማለት አይደለም። ሕንድ ቤት ሄደሽ ቬጅቴሪያን ካልሽ ምስሩ ላይ ቅቤ ሊያደርጉበት ይችላሉ፣ አይብና ክሬምም ያለበት ብዙ ነው። ታይላንድ ቤት ቀይና አረንጓዴ ወጣቸው ውስጥ የሽሪምፕ ድልህ አለ። ኮሪያ ቤት ያለ ክፍያ በትንንሽ ሰሃን የሚደረድሩልሽ ነገር ያምራል፤ ግን ኪምቺው ብዙውን ጊዜ የዓሣ ሶስ ወይም በጨው የዋለ ሽሪምፕ አለበት። ባን ሚውም ቢሆን ቻይ ነው ተብለሽም ዳቦው ላይ የሚቀባውን ነጩን ጠይቂ፤ የእንቁላል አስኳል ሊሆን ይችላል። ፓስታው ቀጭን ብጫ ከሆነ እንቁላል ሊኖረው ይችላል፤ ነጩ ብዙውን ጊዜ የሩዝ ነው።

አሁን ወደ ገበያው። እናትሽን ሱፐርማርኬቱ ውስጥ ሳታስገቢያት እንዳትመለሺ። ጎደሬ አለ፣ የወላይታ ሰው አይቶ የሚያለቅስለት ዓይነት። ማሾ በከረጢት አለ፤ የተላጠም ያልተላጠም። ሮቃ እንዳለ በልጣጩም ተፍቆም ይሸጣል። ካሳቫ በረዶ ቤት ውስጥ ነው። ነጭ ሽንኩርት ተልጦ በትልቅ ዕቃ፤ ለድግስ ሥራ እሱ ባይኖር እኔ ዛሬ ጣት አይኖረኝም ነበር። የእነሱ በሶብላ ግንዱ ሐምራዊ ነው። ደርቆ ለበርበሬ እንደ እኛው አይሆንም፤ ሞክሬዋለሁ፤ ሽታው ወደ እንስላል ያደላል። እርጥቡን ግን ሽሮ ላይ ጣል ብታደርጊው አይከፋም።

ጎመን ካልሽ ደግሞ ኮላርድ ግሪን እያሉ ከሚሸጡልሽ ጠንካራ ቅጠል ይልቅ ጋይ ላን የሚሉትን የቻይና ጎመን ሞክሪ። ግንዱ ወፍራም ነው፣ ቅጠሉ ቶሎ ይበስላል። ለእኔ አገር ቤት ጓሮ ከነበረን ጎመን ጋር የሚቀራረበው እሱ ነው። ለስንግ ደግሞ አናንዴል ካሉት የኮሪያ ገበያዎች ረጅሙን አረንጓዴ ቃሪያ። ሃላፔኞ ሥጋው ይወፍራል፤ ሽንኩርቱን አይዝልሽም።


የሚጡ እናት

ሄደን መጣን! ቃል በቃል ልንገራችሁ፤ ሚጡ ተኝታለች።

ፓርኪንግ፦ ጋሼ ልክ ነበሩ። ሦስት ዙር ዞርኩ። አንድ ሽማግሌ በእጃቸው እየጠቆሙ አስገቡኝ፤ እናቴ በመስኮት “ተባረክ አባቴ” አለቻቸው። አንገታቸውን ዝቅ አድርገው መለሱላት።

መጀመሪያ ውስጥ ለውስጥ ባለው መተላለፊያ ገባን። እዚያ ቶፉ ብቻ የሚሸጥ ሱቅ አለ። ሰው ተሰልፎ ነበር፤ እኔም ተሰለፍኩ። ሞቅ ያለ፣ የሚንቀጠቀጥ ነጭ ነገር በኩባያ አድርገው በዝንጅብል ሽሮፕ ይሸጣሉ። ሰጠኋት። ሽታውን አየች፣ ማንኪያውን አስቀመጠች።

“ይሄ አይብ ነው” አለች።

“አይደለም እማዬ፣ አኩሪ አተር ነው።”

“ልጄ፣ ወልጄሻለሁ፤ አይብ ታስተምሪኛለሽ?”

ምን ላድርግ? ሻጯ ግራ ተጋባች። እድሜዋ ከእናቴ ብዙም አይርቅም፣ እንግሊዝኛዋ ደግሞ ከእናቴ በትንሽ ይሻላል። በስልኬ የአኩሪ አተር ፎቶ አሳየኋት። ሳቀችና ወደ ጓዳ ገባች፤ ውኃ ውስጥ ያደረ አኩሪ አተር በእፍኟ ይዛ ወጣች። እናቴ አንዱን ወስዳ በሁለት ጣቷ ፈተገችው። ልጣጩ ወለቀ። ለሁለት ከፈለችው። በጥርሷ ነከስ አደረገችው። ከዚያ በእጇ እንደ መጭመቅ፣ ከዚያ እንደ ማፍላት አድርጋ በምልክት ጠየቀቻት። ሴትዮዋ “የስ፣ የስ” እያለች እሷም በእጇ ጨመረች፦ አንድ ነገር ጠብ ታደርጊበታለሽ፣ ይረጋል፣ በጨርቅ ትጫኚዋለሽ። እናቴ ወደ እኔ ዞረች። “አሠራሩ የአይብ ነው፤ ላሟ ናት የሌለችው” አለች። ኩባያውን ጨረሰችው። ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ትዕግሥቱ ይገርማል፤ ማንም አላጉረመረመም።

ቀጥሎ ምግብ ቤት። ጋሪውን ጥግ አስያዙልን። ምግቦቹ ሁሉ ቁጥር አላቸው፣ ቁጥሩን ብቻ መናገር ይበቃል። እኔ “ቻይ” ስል አስተናጋጇ አንገቷን ነቀነቀችና ራሷ ሌላ ገጽ ገለጠችልኝ፤ እዚያ ያለው በሙሉ ቻይ ነው። ባን ሴዎውን አዘዝኩ። ሲመጣ እናቴ “እንቁላል!” ልትል ስትል “እርድ ነው” አልኳት። (ጋሼ፣ በዚህ ብቻ ዕዳ አለብኝ።) ጠርዙን ቆረሰች፤ ቀጨም አለ። ሰላጣውን በመዳፏ ዘረጋች፣ ቂጣውን አስቀመጠች፣ ቅጠላ ቅጠሉን እያሸተተች መረጠች። አንዱን ቅጠል “ይሄ የዓሣ ሽታ አለው” ብላ መለሰችው፤ ቅጠል ነው እኮ! ጠቀለለች፣ ጠቀሰች፣ የመጀመሪያውን ግን ለራሷ አላደረገችውም። እጇን ወደ አፌ ዘረጋች። ሰው ፊት አፌን ከፈትኩ። አስተናጋጇ ከወዲያ ሆና አየችን፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆመች። ሒሳብ ስንከፍል “ዩር ማዘር?” አለችኝ። አዎ አልኳት። ሁለት ብርቱካን በፌስታል ጨመረችልን።

ሸንኮራም ጠጣን። ዓይናችን እያየ በማሽን ጨምቀው፣ ትንሽ እንደ ሎሚ የሚኮመጥጥ ፍሬ አብረው ይጨምቁበታል። እናቴ በልጅነቷ በጥርሷ ልጣ ትበላው እንደነበር ነገረችኝ። እዚህ ማሽኑ ሁለቴ ሦስቴ አሳልፎ ምጣጩን ሲወረውረው “አሁንም እኮ ውኃ አለው” ብላ አዘነች።

አንድ ቅሬታ አለኝ። የቤቱን ስም አልጠራም። ካርድ እንደማይቀበሉ የነገሩኝ ሸንኮራው ከተጨመቀ በኋላ ነው። ማሽኑ ጋ ሄጄ ብር እስካወጣ እናቴ እንደ መያዣ እዚያው ቆየች። ስመለስ ከባለቤቱ ጋር በአማርኛና በቬትናምኛ ሲያወሩ ደረስኩ። ምን እንዳወሩ ሁለቱም አያውቁም። የምትሄዱ ሰዎች ጥሬ ብር ያዙ።

ሱፐርማርኬት ውስጥ እትዬ ጓዳ ያሉት ሁሉ አለ። ጎደሬና ጋይ ላን ገዛን። ከዚያ እናቴ አትክልት መደርደሪያው ጋ ቀጥ ብላ ቆመች። ረጅም ገለባ የመሰለ ነገር በላስቲክ ታስሮ ተደርድሯል። አንዱን አነሣች፣ በጥፍሯ ጫር አደረገችው፣ አሸተተችው። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

“ጠጅ ሳር!”

ሻይ ላይ የሚደረገው፣ ለበዓል ከቄጠማው ጋር የሚቀላቀለው ጠጅ ሳር። እነሱ እሱን ወጥ ውስጥ ነው የሚከቱት አልኳት። አላመነችም። “ሽቶ ማን ይበላል?” አለች። አምስት እስር ገዛች።


ባለ ታክሲው

እንኳን ደስ አላችሁ። የዓሣ ሽታ ያለውን ቅጠል እናትሽ አልተሳሳተችም፤ እነሱም በቋንቋቸው የዓሣ ቅጠል ነው የሚሉት፤ አትክልት ነውና ለጾም ችግር የለበትም። እኔ 20 ዓመት ልለምደው ሞክሬ አቅቶኛል።

ጠጅ ሳሩን ሁሉንም እንዳትቀቅሉት። ሥሩ አካባቢ ያልተቆረጠውን ሁለት ሦስት ዘንግ በብርጭቆ ውኃ መስኮት ላይ አስቀምጡት። ሥር ያወጣል። ከዚያ አፈር ውስጥ።


የሚጡ እናት

ጋሼ፣ በሰባተኛው ቀን ነጭ ሥር አየን። ሽሮ ፈሰስም ይስማ፦ እናቴ ትናንት ቶፉ ገዝታ በቃሪያና በሽንኩርት እንደ አይብ ፈርፍራ ሠራችው፤ ባለቤቴ ጾሙን የገደለ መስሎት ደንግጦ ነበር። ጠጅ ሳሩን ባልኮኒ ላይ በቀለም ባልዲ ተክላዋለች። አንዱን ዘንግ ግን ለብቻው በእርጎ ዕቃ አስቀምጣለች። ለማን ነው ስላት “ለቶፉዋ ሴትዮ” አለች። ሥር እንዳለው አይታ ትወደዋለች ትላለች። እኔ ግን ሱፐርማርኬቱ ጠጅ ሳር በርካሽ በሚሸጥበት ግቢ ጠጅ ሳር ይዤ ስገባ እየታየኝ ነው። ያውም ቅዳሜ፣ ያውም በዚያ ፓርኪንግ።